አንድ ስልክ ለሁለት ተማሪ

ኮኪት የምትባል የቆላ ከተማ ስመደብ የማታውን ክፍል ልያዝ የሚል መምህር አልነበረም። ቀኑን በዚያ ሙቀት ሲያስተምር የዋለ ሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመልሶ ጠመኔ መያዝ አይፈልግም። እኔ አዲስ ነበርኩ፤ ባልም ልጅም የለኝ። የማስተምረው ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተሮቹ ደግሞ አብዛኞቹ አቧራ በልቷቸው ቆመዋል። ርዕሰ መምህሩ "ከሁላችንም ነጻዋ አንቺ ነሽ" አለኝና የማታው ክፍል ኃላፊ አደረገኝ።

የማታ ተማሪዎቼ አብዛኞቹ በዕድሜ ይበልጡኛል። ትራክተር ነጂ አለ፣ ሱቅ ያላት አለች፣ ዘበኛ አለ፣ የሚበዙት ግን ሰሊጥና ማሽላ የሚያመርቱ ገበሬዎች ናቸው። ለትምህርት የነበራቸው ፍላጎት አያሳማም። የሚያስቸግራቸው ሌላ ነው። የቤት ሥራ የተሰጠበትን ቀን ይረሳሉ፣ የሒሳብ ፈተና ባለበት ቀን የእንግሊዝኛ ደብተር ይዘው ይመጣሉ፣ አንዳንዱ ክፍል የሌለበት ቀን መጥቶ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሁሉም ግን በኪሱ ስልክ ይዟል። ይደውልበታል፣ ዘፈን ይሰማበታል፣ በቃ።

እኔ ደግሞ በስልኬ የምኖር ሰው ነኝ። የማርምበትን፣ ልብስ የማጥብበትን፣ እናቴ ጋ የምደውልበትን ሁሉ ስልኬ ላይ እሞላለሁ፤ ሲደርስ ይጮኻል። ይህን ላስተምራቸው አልኩ። የእኛን ዘመን አቆጣጠር የሚያሳይ አፕሊኬሽን ነበረኝ። በየቀኑ ላይ ሥራ ይጻፍበታል፣ ለሥራው ቀለም ይሰጠዋል፣ ደወል ይሞላለታል። ዳታ በዚያ ሰሞን ተቋርጦ ስለነበር ከስልክ ወደ ስልክ እያሻገርኩ ሰጠኋቸው።

መጀመሪያ ላይ ብዙ ሳቅን። የስልኮቹ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር። አንድ ሽማግሌ ተማሪዬ የምሽት ሁለት ሰዓት ብለው የሞሉት ደወል በዐቢይ ጾም፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ቅዳሴ መሀል በዘፈን ጮኸባቸው። "ቄሱ ዞር ብለው አዩኝ ልጄ፣ መሬት ብትከፈት በገባሁ" ብለው ሲነግሩን ክፍሉ በሳቅ ሞተ። ሰዓቱን አስተካከልንላቸው። ቀስ በቀስ ለመዱት። የሚቀሩት ቀነሱ፣ የቤት ሥራ ይገባ ጀመር። ርዕሰ መምህሩ እንኳ "ምን አድርገሻቸው ነው?" ብሎኛል።

ከተማሪዎቼ መካከል ባልና ሚስት ነበሩ። ሁለቱም ወደ አርባው የተጠጉ፣ ከከተማው ወጣ ካለች መንደር በእግር የሚመጡ፣ አስረኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡ። ፊት ለፊት "እርስዎ" ነበር የምላቸው፤ እዚህ ግን እሱና እሷ ብላቸው ይቅለለኝ። እሱ ተጫዋች ነው፣ ሰው ይወደዋል። እሷ ዝምተኛ ናት፤ ጥያቄ ስጠይቅ መልሱን ወደ ደብተሯ ዝቅ ብላ ትናገራለች እንጂ እጇን አታወጣም። ብዙ ጊዜ መልሱ ልክ ነው፤ እሱ ይሰማና ጮክ አድርጎ ይናገረዋል። ክፍሉ ያጨበጭብለታል። እሷም አብራ ትስቃለች።

ስልካቸው አንድ ነበር። በእሱ ኪስ ነው የሚኖረው።

"ለእሳቸውም አንድ ቢገዙላቸውስ?" አልኩት አንድ ቀን።

"ከምርት በኋላ እንገዛለን" አለ።

"ምርቱ እኮ ገባ።"

"የሚመጣውን ማለቴ ነው" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ ይጋባል።

ስለዚህ በአንዱ ስልክ ለሁለቱ ዕቅድ ልንሠራ አንድ እሑድ ኮምፒውተር ክፍል ተቀመጥን። ቀለም ምረጡ አልኳቸው። እሱ "አረንጓዴው የኔ ይሁን፤ የሰሊጥ ቀለም ነው" አለ። ለእሷ ቀይ ሰጠናት። መጀመሪያ የማይቀረውን ሥራ እንሙላ፣ ከዚያ ክፍት ሆኖ የሚቀረውን ለጥናት እናደርገዋለን አልኩ። እንዲህ ነበር ዘዴዬ፤ በእኔ ቀን ላይ ሁልጊዜ ይሠራል።

ከእሷ ጀመርን። ጎህ ሳይቀድ ውሃ። ከዚያ ፍየሎች። ከዚያ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት መስደድ። ከዚያ የእሱ እናት፤ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል፣ ማጠብ፣ ማብላት፣ ማገላበጥ አለ። ወፍጮ። ገበያ። እንጨት። ምሳ። እንደገና ውሃ። አሮጊቷን እንደገና። እሷ ትናገራለች፣ እሱ ስልኩን ይዞ ይሞላል። "ይኼም ይጻፍ እንዴ?" ትለኛለች በየመሀሉ፣ ሥራ መሆኑን የተጠራጠረች ይመስል። ሁሉም ይጻፍ እላታለሁ። ስንጨርስ ሳምንቱ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆነ።

"ምነው፣ ይኼ ስልክ ታመመ እንዴ?" አለ እሱ። "ቀላ እኮ!"

ወደ እሱ ስንዞር ምንጣሮ ከግንቦት ጀምሮ፣ ዘር በሰኔ፣ አረም፣ አጨዳ በጥቅምት አለ። ያኔ የሰው ሥራ አይደለም የሚሠራው፤ ራኩባ ሥር፣ እንጨት ተክለው ሣር በጣሉበት ዳስ እያደረ ወር ሙሉ ይከርማል። ያን አልክድም። ግን ያኔ መጋቢት ነበር፤ በመጋቢት ቆላው ተኝቷል። የሞላው "ገበያ"፣ "ማኅበር"፣ "ሰው ማግኘት" የሚል ነበር። ሰው ማግኘት ማለት ሻይ ቤት መቀመጥ ነው። ራሱም ሲያነበው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመ። ቆላ ሰው ነው፣ ጥቁር ፊት አለው፣ ሲያፍር ግን ይታወቃል።

"ጠዋት ጠዋት ውሃውን እርስዎ ቢያመጡስ?" አልኩት።

ስልኩን አየ። እሷ ወለሉን አየች። ከዚያ ጣቱን አስፍሮ የጠዋቱን ውሃ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ቀየረው። "አህያዋ እንደሁ አለች" አለ። በዚያች ቅጽበት ያ ሰው ትልቅ ሰው ነው ብዬ አስቤአለሁ፣ አልዋሽም። ሲወጡ እሷ ወደ ኋላ ቀረት ብላ እጄን ያዘችኝ፣ "እታለም፣ ይኸን ታደርጊያለሽ ብዬ አላሰብሁም" አለችኝ።

አመጣም። አህያዋን እየነዳ፣ ጀሪካኖቹን ጭኖ፣ ቦኖው ላይ ከሴቶች መሀል ተሰለፈ። መንገዱ ዳር ያሉት ወንዶች የሚሉትን ሁሉ አሉት። አንዱ "አስረኛ ክፍል ያስተማሩህ ውሃ መቅዳት ነው?" አለው ይባላል። ይኸን ራሱ ነው ክፍል ውስጥ እየሳቀ የነገረን። በነጻው ጊዜ እሷ ማጥናት ጀመረች። ደብተሯ ተለወጠ። አንድ ቀን እጇን አወጣች፤ ክፍሉ ዞሮ አያት፣ ሰሌዳው ጋ ወጥታ ሒሳቡን ሠራችና ተመልሳ ተቀመጠች። ያን ቀን እሱ አልተናገረም።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ መንገድ ላይ አገኘኋት። ጀሪካን በጀርባዋ አዝላለች። አህያዋ የለችም።

"ውሃው የእሳቸው አልነበረም እንዴ?" አልኳት።

ጀሪካኑን ሳታወርድ ትንፋሿን ሰበሰበች። "ስልኩ ላይ የእሱ ነው" አለችኝ።

"አህያዋስ?"

"ሸጣት። ለትራክተር ኪራይ።"

ማታ ክፍል ውስጥ ስልኩን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት፤ ዕቅዶቹን በየጊዜው አያለሁና አልገረመውም። ውሃው አረንጓዴ እንደሆነ ነበር። ከጎኑ "ተፈጽሟል" የሚለው ምልክት በየቀኑ ተደርጎበታል። አላታለለም ማለት እችላለሁ፤ ውሃው በእርግጥም በየቀኑ ቤት ይገባል። ደወሉ ሲጮኽ እሷን ይቀሰቅሳታል፤ እሷ ሄዳ ስትመለስ ምልክቱን ያደርጋል። ስጠይቀው ዓይኔን እያየ "ያው አንድ ቤት ነን እኮ፣ መምህርት" አለኝ።

እኔ ስልኬ ላይ ቀለም ቀለም አድርጌ የምኖረው ሥርዓት ስላለኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን የምኖር ሰው ነኝ። አሮጊት አላገላብጥም፣ ፍየል የለኝም፣ ውሃ አከራዬ ናት የምታስቀዳልኝ። ጊዜ ያለው ሰው ጊዜውን ቢያደራጅ ምን ይገርማል? ይህ ገብቶኝም ግን ተውኩት ማለት አልቻልኩም፤ ከእሷ ጋር ሌላ ሰዓት ፈለግን። ከቀትር በኋላ ቆላው በሙቀት ሲዘጋ፣ ሰውም ከብትም ጥላ ሲፈልግ፣ አሮጊቷም ሲያሸልቡ፣ እሷ ልትተኛበት የምትችል አንድ ሰዓት ነበረች። እንቅልፏን ሰጠች። በዚያ ሙቀት የገመድ አልጋው ላይ ተቀምጣ ታነብ ጀመር። ስልክ የለም፣ ደወል የለም። የግድግዳው ጥላ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ትነሣለች።

አንድ ጊዜ ለምን እንደምትማር ጠየቅኋት። "ሁሉም ለልጆችሽ ብለሽ ነው ይለኛል" አለች። "እሱም እንደዚያ ነው ለሰው የሚናገር። ለልጆች አይደለም። ከደጋ ይዘውኝ ሲወርዱ ሰባተኛ ክፍል ነበርሁ፤ አቋረጥሁ። የተቋረጠ ነገር ያመኛል። ለራሴ ነው።"

ግንቦት ሲጋመስ እሱ ለምንጣሮና ለእርሻ ወደ ሽንፋ አቅጣጫ ሄደ። ስልኩንም ይዞ ሄደ፤ ሠራተኛና ትራክተር ያለ ስልክ አይገኝም። እሷ የቀረውን ትምህርት ብቻዋን መጥታ ጨረሰች። ለማጠቃለያ ፈተና መዘጋጃ ብለን ክፍል ስንዘጋ የፈተናውን ቀን ደብተሯ ጀርባ ላይ ጻፈች። በዚህ ፈተና ወደ አስራ አንደኛ ታልፋለች፤ እንደምታልፍ እርግጠኛ ነበርኩ።

ዝናቡ በዚያ ዓመት ቀድሞ ጣለ። አንዳንድ ተማሪዎች ወደ ርዕሰ መምህሩ ሄደው "ዘር ላይ ነን፣ ፈተናው ይቅደምልን፣ በአንድ ቀን ተፈትነን ወደ እርሻችን እንመለስ" አሉት። ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ርዕሰ መምህሩም "ለገበሬው ማሰብ አለብን" ብሎ ፈተናውን ሳምንት አስቀደመው። ማስታወቂያው በር ላይ ተለጠፈ፣ በቴሌግራም ተላከ። ከእሷ መንደር የሚማሩት ወንዶች ሁሉ እርሻ ላይ ናቸው፤ ማስታወቂያውን አይቶ የሚነግራት የለም። እኔ ያለኝ ቁጥር አንድ ነው። ደወልኩ። ኔትወርክ አልነበረም። ደጋግሜ ስሞክር ተነሣ፤ የትራክተር ድምፅ ከኋላው ይሰማል።

"ሰምቻለሁ፣ ቴሌግራሙ ደርሶኛል!" አለኝ እየጮኸ።

"ለባለቤትዎ ይንገሯቸው። በሰው ይላኩባቸው። እሳቸው የሚያውቁት የድሮውን ቀን ነው።"

"እነግራታለሁ! አሁኑኑ እመዘግበዋለሁ፣ ሐሳብ አይግባሽ!"

መስመሩ ተቋረጠ። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ተቀመጥኩ።

በፈተናው ቀን እሱ ከሽንፋ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ደረሰ፤ ጭቃ በእግሩ፣ እስክሪብቶ በጆሮው። ከጎኑ ያለው ቦታ ባዶ ነው።

"እሳቸውስ?" አልኩት።

ዙሪያውን ተመለከተ። "ከቤት ነው የምትመጣው እኮ" አለ።

"ነግረዋቸዋል?"

የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ደረቱን ዳበሰ። ወረቀቱ እየታደለ ነበር። ወጥቼ አንድ ባጃጅ ወደ መንደሩ ላክሁ። ባለባጃጁ ቤት አላገኛትም፤ ወፍጮ ቤት ሄዳለች አሉት። ወፍጮ ቤት ሲደርስ መብራት ጠፍቶ ተራዋን ስትጠብቅ ውላ ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ሄዳለች አሉት። አግኝቶ ሲያመጣት የመጨረሻው ወረቀት እየተሰበሰበ ነበር። ነጠላዋ፣ ቅንድቧ፣ እጇ ሁሉ ዱቄት ነው። ደብተር አልያዘችም። በሩ ላይ ቆማ ወንበሮቹን፣ የሚወጡትን ሰዎች፣ ከዚያ እሱን አየችው።

"ዛሬ ነው እንዴ?" አለች።

ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ሦስታችን ቆምን። እሱ ስልኩን አውጥቶ ከፈተው፤ የተጣደፈው ለእሷ ሳይሆን ለእኔ ሊያሳየኝ ነው።

"ይኸውና፣ መዝግቤዋለሁ። እዪ። 'ፈተናው ቀድሟል፣ ይነገራት' ብዬ። ደወልም ሞልቻለሁ። በእሷ ቀለም ነው ያደረግሁት፣ በቀይ።"

"ደውሏል?" አልኩት።

"ደውሏል። ትራክተር ላይ ነበርሁ። አጠፋሁት፣ ኋላ ወደ ኮኪት በሚሄድ ሰው እልካለሁ ብዬ።" ከዚያ ስልኩን ይበልጥ ወደ ፊቴ አስጠጋው። "ግን ይኸው፣ አለ።"

"በማን ኪስ ነው የደወለው?" አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ሰዎች ዞረው አዩን። እሷ ስልኩን አላየችም። ዱቄቱን ከእጇ ላይ አራገፈችና "ዱቄቱን ደጅ ላይ ትቼው ነው የመጣሁ፤ ዝናብ ይመታዋል" ብላ ሄደች።

ርዕሰ መምህሩ ጋ ገባሁ። ሌላ ፈተና አወጣለሁ፣ ብቻዋን እፈትናታለሁ፣ እኔው አርማለሁ አልኩ። "ማስታወቂያ ተለጥፏል፣ በቴሌግራም ተልኳል" አለኝ። ስልክ የላትም አልኩት። "ባሏ አለው እኮ" አለ። የሐኪም ወረቀት ካመጣች እናያለን አለኝ። አልታመመችም አልኩ። "እንግዲያ ምን ልርዳሽ?" አለና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ፈተናው ለገበሬው ተብሎ እንደቀደመ ላስታውሰው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አላልኩትም፤ ብነግረውም የሚገባው አልመሰለኝም።

እሱ አለፈ። ደህና ውጤት ነበር ያመጣው።

በመስከረም ምዝገባ ሲጀመር ስሟን ጠበቅሁ። ሳምንቱ ሲያልቅ ወደ ቤቷ ሄድኩ። አሮጊቷን ደጃፍ አውጥታ ፀጉራቸውን ታበጥር ነበር። ወንበር ሰጠችኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ። አስረኛን እንደገና እንድትጀምር፣ እኔ ራሴ ስልክ እንደምሰጣት፣ አሮጌዬን፣ ነገርኳት።

"ስልኩ ምን ያደርግልኛል፣ እታለም?" አለች ማበጠሪያውን ሳታቆም። "ድሮ ሥራ ይበዛብኛል እል ነበር እንጂ ቀኔ የኔ እንዳልሆነ አላውቅም ነበር። ቀኑ ይመሻል፣ እተኛለሁ፣ በቃ። አንች አሳየሽኝ። ከዚያ ወዲህ ውሃ ስቀዳ እቆጣለሁ፣ ወፍጮ ስሄድ እቆጣለሁ፣ እሳቸውን ሳጥብ እንኳ..." አሮጊቷን አየችና ድምፅዋን ቀነሰች። "እሳቸው ምን አደረጉኝ? ሰው እንዲህ ተቆጥቶ መኖር አይችልም።"

"ተቆጥተው ይማሩ" አልኳት።

"አንች ወልደሽ እዪው" አለችኝ። ክፋት አልነበረበትም አነጋገሯ። አሮጊቷ "ማናት ይቺ?" ሲሉ "መምህርቱ ናት" አለቻቸው፤ "የማን መምህርት?" አሏት። "የልጅዎ" አለች።

እሱ አስራ አንደኛን፣ ከዚያም አስራ ሁለተኛን ጨረሰ። ዕቅዱን አልተወም፤ ከተማሪዎቼ ሁሉ በስልኩ አሳምሮ የተጠቀመ እሱ ነው። የገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ አደረጉት፤ ለቦታው የሚያንስ ሰው አይደለም፣ ሰው ያዳምጣል፣ ሥራ አያሳድርም። ባለፈው ዓመት ከምርት በኋላ ማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ አደረገና እኔም ተጠራሁ። እሱ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ተናገረ። ሰሊጥ ቀኑ ካለፈ ፍሬው መሬት ላይ እንደሚረግፍ፣ ሰውም እንደዚያው እንደሆነ ተናገረ። ከዚያ በስሜ ጠርቶ አስነሣኝ፤ "ከዚህ ያደረሰችኝ ይቺ እህቴ ናት" አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። "ባለቤቴም እስከ አስር ተምራለች፤ እኔ ቤት መሃይም የለም" ሲል ደግሞ ይበልጥ አጨበጨበ። ርዕሰ መምህሩ ከጎኔ ተቀምጦ በክርኑ ነካ አደረገኝ፣ "አየሽ?" የማለት ያህል። ለማኅበሩ ሴቶች ሥልጠና ትስጥልን ብለው ጠየቁኝ። ጊዜ የለኝም አልኩ። ቅር አላቸው፤ የጸሐፊው ፊትም ትንሽ ጠቆረ፣ ከዚያ ሳቀና አሳለፈው።

አየር ልወስድ ብዬ በጓሮ በር ወጣሁ። ለተሰብሳቢው የሚበላውን ሴቶች እያቀረቡ ነበር፤ እሷ ከትልቁ ድስት አጠገብ ቆማ ታወጣለች። ጭብጨባው እኛ ጋ ድረስ ይሰማል። ላብና ጭስ ዓይኗን እያቃጠላት አየችኝ፣ ሰላም አለችኝ፣ ሳልጠይቃት ሳህን ሞልታ ሰጠችኝ።

"ብይ፣ ሳይቀዘቅዝ" አለችኝ።

ቆሜ በላሁ። ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር። አልነገርኳትም። ሳህኑን ስመልስላት ሌላ ሰው ሰልፍ ይዞ ከኋላዬ ቆሞ ነበርና ገለል አልኩለት።